ጎማዋን የት አደረስካት?

ባለፈው ቅዳሜ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ረዳቱ አየት አደረገኝና «ቲቸር ጎማው!» ብሎ ጮኸ። ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከጎኔ ለተቀመጡት እናት ጎሚስታ ሳልመስላቸው አልቀረሁም።

«ጎማዋን የት አደረስካት?» አለኝ እየሳቀ። በእኛ ጊዜ መምህርን «አንተ» ማለት ነውር ነበር። አሁን «ቲቸር» ካሉ በኋላ አንተ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

«ጠፋች» አልኩት። ውሸቴን ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ልጁ ሌላም ነገር ብሎኛል። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ጎማዋን ላስተዋውቃችሁ።

ክንድ የማትሞላ የውሃ ጎማ ቁራጭ ናት። ጥቁር ናት፤ መያዣዋ ላይ ፕላስተር ተጠምጥሞባታል። ሰፈሩ ገና ሲቋቋም፣ ኮንዶሚኒየሞቹ መስታወት እንኳ ሳይገባላቸው፣ የቧንቧ ሠራተኞች ጥለውት ከሄዱት ጥቅል ላይ ነው የቆረጥኳት። አርጩሜ ይሰበራል። ቀበቶ ፈትቶ መግረፍ ደግሞ የራስን ሱሪ አደጋ ላይ ይጥላል። ጎማ አትሰበርም። ከሁሉም በላይ ኮት እጅጌ ውስጥ ትገባለች። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እጄን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ለምን እደብቃት እንደነበር ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ዩኒት ሊደር ነኝ። ለማታውቁት፣ ዩኒት ሊደር ማለት የግቢው ፖሊስ ነው። ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ ፎርፎ በአጥር የዘለለ፣ ፀጉሩን እንደ ኳስ ተጫዋች የተቆረጠ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚላከው። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ዜግነት አስተምራለሁ። ድሮ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ይባል የነበረውን ማለቴ ነው።

የጠዋቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። 2 ሰዓት ላይ ይደወላል። ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ በሩ ይዘጋል። ሰልፉ ሲያልቅ በሩ ይከፈትና አርፋጆች ገብተው ጠጠሩ ላይ ይንበረከካሉ። እኔ ስማቸውን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ «እጅህን ዘርጋ»። ሦስት ሦስት። ከዚያ ግቢ ይጠርጋሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ያረፈደ ደግሞ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ይቺን ቃል የማያውቅ የኢትዮጵያ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ወላጅ ሲመጣም እዚያው እፊታችን ልጁን በጥፊ ይለዋል፤ እኛም «ተው እንጂ፣ አይሆንም» እያልን እንገላግላለን። ድራማው ሁሌም አንድ ነው።

የሚያስቀው ነገር የማስተምረው ትምህርት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ነው። ልጅ በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው እዚያ ተጽፏል፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ። አንድ ዓመት 8ኛ ክፍል ይህንኑ አንቀጽ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና ንዑስ አንቀጹን ጮክ ብሎ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጎማ አየ። ሌሎቹም አብረውት አዩ። ዝንብ ብትበር ትሰማ ነበር። እኔ «ጎበዝ፣ ቁጭ በል» ብዬ ወደ አንቀጽ 37 አለፍኩ። 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብት ነው።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዓመቱ 3.2 ሆነ። እኛ 12ኛ ክፍል የለንም፤ ድንጋጤው ግን እኛም ጋ ደረሰ። 6ኛና 8ኛ ላይ የሚፈተኑት ልጆች የእኛ ናቸው። ስብሰባ ተጠራ። ተራ በተራ እየተነሳን «ዲሲፕሊን ላልቷል» አልን። እኔማ ሁለቴ ነው የተናገርኩት። በማግስቱ ሦስት የነበረውን አምስት አደረግኩት።

ከዚያ 2017 መጣ። መስከረም አካባቢ ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዉ ወደ እኛ አቅጣጫ መጣ። ብዙው ገላን ጉራ ገባ። ዘመድ ጋ የተጠጋው፣ ተከራይቶ የገባው ደግሞ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ክፍል ከተጀመረ በኋላ በየቀኑ መሸኛ ይዞ በር ላይ የሚቆም ወላጅ አይጠፋም ነበር። 50 ልጅ የነበረበት ክፍል 65 ሆነ። ኮምባይን ዴስኩ ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ክርኑን ይሰበስባል።

አዲሶቹን ልጆች በእረፍት ሰዓት ትለዩዋቸዋላችሁ። አጥር ተደግፈው ይቆማሉ። ስታዲየም ድረስ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ልጆች ናቸው። አንዱ «ቲቸር፣ እዚህ ሰፈር ማታ ማታ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለኝ። ጅብ ነው አልኩት። የምቀልድበት መሰለው።

ከእነሱ መካከል አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ቀጭን ናት፤ ሹራቧ እጇን አልፎ ይሄዳል። አንድ ማክሰኞ አረፈደች፤ ሦስት። ዓርብ አረፈደች፤ ሦስት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ መጣች። «እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። ሹራቡን ገፋ አድርጋ ዘረጋች። መዳፏ ላይ፣ ከጣቶቿ ሥር፣ ቀይ መስመር አለ። አንዱ ቦታ ቆዳው ተልጧል። ጎማዬን ካነሳሁ በኋላ ነው ያየሁት።

«ምንድን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ጥበቃው ጋሼ ከኋላዬ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «መምህር፣ ይቺን ልጅ ይተዋት» አሉኝ። «ይቺ የምታረፍደው ውሃ የመጣ ቀን ነው።»

ነገሩን ከእሳቸው ሰማሁ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ውሃው ለሊት በፈረቃ ይመጣል፤ ቢመጣም ሁለተኛ ፎቅን አያልፍም። እናቷ ካዛንቺስ ቢሮዎች ደጃፍ ላይ ጀበና ቡና ትሸጥ ነበር። ቤቱ ቢፈርስም ደንበኞቿ እዚያው ስለሆኑ ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ወደዚያው ትሄዳለች። ስለዚህ ልጅቷ ጀሪካኖቹን ታወጣለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታለብሳለች፣ መዋዕለ ሕፃናት ታደርሳለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ ደግሞ ጎማ ይዤ እጠብቃታለሁ።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«በር ላይ እኮ ነኝ» አሉኝ።

ያን ቀን የአርፋጆቹን መዝገብ ቤቴ ይዤ ሄድኩ። ወፍራም ደብተር ነው። ዓመታት ሙሉ ስጽፍበት አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም፤ ማታ እራት በልቼ ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ማክሰኞና ዓርብ ላይ የሚደጋገሙት ስሞች በሙሉ የላይ ፎቅ ልጆች ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚበዙት ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው የገበሬ መንደር የሚመጡት ናቸው፤ የጤፍ አጨዳ ነው። አንድ ልጅ ሰኞ ሰኞ ብቻ ያረፍዳል። በኋላ ስጠይቀው እሑድ አባቱ ጋ ነው የሚያድረው፤ አባትና እናት ተለያይተዋል። አባቱ ጋ ያደረ ቀን ጠዋት የሚቀሰቅሰው የለም።

እኔ «ሰነፍ» ብዬ የመዘገብኳቸው ናቸው እንግዲህ። መልሱ በገዛ እጄ ጽሑፍ ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን አሳምሬ ጎማዋን ወረወርኳት ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልወረወርኳትም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ሁለት ወር ያህል ቆየች። ግቢው ትንሽ ጮኸ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። አንዱ «ወንድሜ፣ አንተ ጎማውን ካስቀመጥክ እኛ በምን እናስተምር?» አለኝ። ይህን ሰው ክፉ ነው ማለት አልችልም። 65 ልጅ፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ወር ሳያልቅ የሚያልቅ ደመወዝ። እሱንስ «ደህና ነህ ወይ?» ያለው ማን አለ?

ጥር ላይ አወጣኋት።

ከገበሬው መንደር የሚመጣ የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። እረፍት ላይ የአንዱን ልጅ አፍንጫ በቡጢ አደማውና ወደ እኔ ተላከ። ደም አየሁ፤ መሳቢያውን ከፈትኩ። አልጠየቅኩትም። አምስት። አላለቀሰም፤ ዓይኔን ብቻ ያየኛል። በማግስቱ ቀረ። በሳምንቱም የለም።

ነገሩን የነገረችኝ ያቺ የጀሪካኗ ልጅ ናት። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ መምህርቷ ሲናገር «እሷ መጣ» ብሎ ተሳሳተ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «እሷ መጣ» ሆነ። ሽንት ቤት ሲሄድ «እሷ መጣ»፤ ኳስ ሲነካ «እሷ መጣ»። ወር ሙሉ ችሎታል። እሷ ይህን ሁሉ የምታውቀው እሷም አጥር ጥግ ስለምትቆም ነው። «የእኔንም አነጋገር የካዛንቺስ አራዳ እያሉ ይስቃሉ» አለችኝ። «እኔ ግን መልስ እሰጣለሁ። እሱ መልሱ በአማርኛ አይመጣለትም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርዶ፣ የኮንዶሚኒየሙን አጥር አልፎ፣ ግራር ሥር ነው። አባትየው ላሞቹን ትተው መጡ። «ባርሲሳ!» አሉ ተቻኩለው፤ መምህር ማለት ነው። ወተት ቀረበልኝ። በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ ልጠይቅ ሞከርኩ። የእኔ አፋን ኦሮሞ ከልጁ አማርኛ በብዙ ይከፋል። ስንት ጊዜ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እንዳደረግኩ እግዜር ይወቀው። ቤቱ ውስጥ ስድስት ሰው ነበር። አንድም አልሳቀብኝም።

አባትየው ግን ይቅርታዬ አልገባቸውም። ልጁ አጥፍቶ ልከሰው የመጣሁ መስሏቸው ነበር። በተሰባበረ አማርኛ «ምታው ባርሲሳ፣ ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» አሉኝ። አክብሮት ነው፤ ልጃቸውን በአደራ መስጠታቸው ነው። እኔንም አባቴ እንዲሁ ብሎ ነው ለመምህሬ የሰጠኝ። ወተቱን መጨረስ አቃተኝ።

ሰኞ ልጁ መጣ። አብሬው ክፍል ገባሁ። ምን ብዬ እንደተናገርኩ በደንብ አላስታውስም፤ ረጅም ንግግር አልነበረም። የመታሁት ሳልጠይቀው ስለሆነ አጥፍቻለሁ አልኩ። ከዚያ «እስቲ አፋን ኦሮሞ የምትችሉ እጅ አውጡ» አልኩ። አሥራ ምናምን እጅ ወጣ። ልጁ ዞር ብሎ ቆጠራቸው። ሲቆጥር አየሁት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ስብሰባ ነበረን። አንድ ነገር ጠየቅኩ። ጥበቃው ጋሼና ምግብ የሚያበስሉት እናቶች አንድ ቀን ከእኛ ጋር ይቀመጡ አልኩ። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ዳይሬክተሩ ግን «ምን ችግር አለው?» አሉ።

ስለ ምገባው ትንሽ ልበል። በ2012 መጀመሪያ ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ መሰጠት ሲጀምርና ምገባው ሲስፋፋ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ሰልፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባንዲራ ስንሰቅል ራሱን ስቶ የሚወድቅ ልጅ አይጠፋም ነበር። ያ ቀረ። ልጅ ሆዱ ባዶ እያለ ስለ ስሜቱ ላዋየው ማለት ቀልድ ነው።

እናቶቹ ግን ከምግብ አልፈው የሚያውቁት ነገር አለ። ዋናዋ እትዬ መጀመሪያ አፍራ ዝም አለች። ከጀመረች በኋላ ማን ያስቆማት! «ያቺ ቀጭኗ ግማሽ ዳቦዋን ኪሷ ትከታለች፣ ለወንድሟ ነው። የ5ኛ ለ ልጅ ሰኞ ቀን ሦስት ጊዜ ይደግማል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ምግብ የለም ማለት ነው። ያ ረጅሙ ደግሞ ተነስቶ ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ነው የሚመጣው፣ የሚጠላው ልጅ አለ። ያቺ የ8ኛዋ ከገና ወዲህ ምግብ እያየች ታለቅሳለች።» እኛ እንጽፋለን። በመጨረሻ «እኛን የጠየቀን ሰው እኮ የለም» አለች።

የጋይዳንስ መምህርታችን ያን ዕለት ሌላ ነገር አነሳች። የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ሕመም ግማሽ ያህሉ ዕድሜ 14 ሳይሞላ ይጀምራል እንደሚል ነገረችን። 14 ማለት የእኛ 8ኛ ክፍል ነው። ቢሮዋ በር ላይ «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ግማሹ የተሰባበረ ዴስክ ነው። ግን ችግሩ ዴስኩ አይደለም አለች። ወደዚያ ክፍል የገባ ልጅ ሲወጣ «አማኑኤል ገባ» ይባላል። ስለዚህ ማንም አይገባም። በዓመት የገቡትን በአንድ እጅ ጣት ትቆጥራቸዋለች፤ እነሱም መምህር ጎትቶ ያስገባቸው ናቸው።

አሁን ቢሮዋን ትታዋለች ማለት ይቻላል። ከምግብ ቤቱ ጀርባ የጓሮ አትክልት አለን፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። እዚያ ነው የምትውለው። «ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠኸው አያወራህም» ትላለች። «ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ እጁ ሥራ ይዞ፣ ዓይኑ መሬት ላይ እያለ ነው የሚያወራው።» እውነቷን ነው። ያቺ የ8ኛዋ ልጅ አረም እየነቀለች ነው የተናገረችው። ምን እንዳለች አልጽፍም። አሁን ሐኪም ታያለች፣ እናቷም አብራት ትሄዳለች።

ጎማዋ አትክልት ማጠጫ ሆነች ብዬ ብጽፍ እንዴት ያምር ነበር! ግን ክንድ የማትሞላ ጎማ ምንም አታጠጣም።

በሩስ? በሩ አሁን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ያረፈደ ስሙ ይመዘገባል፤ ከስሙ ጎን ምክንያቱም ይጻፋል። ከዚያ ምግብ ቤት ጎራ ብሎ ሻይ ካለ ጠጥቶ ክፍል ይገባል። አንድ ባልደረባዬ «ሻይ ካለማ ነገ እኔም አረፍዳለሁ» አለ። በነገራችን ላይ አርፋጅ ብዙም አልቀነሰም፤ ውሃው ያው በፈረቃ ነው። የቀነሰው በር ላይ ደርሶ የሚመለሰው ነው። ድሮ ጎማ ፈርቶ የተመለሰ ልጅ ቤቱ አይሄድም ነበር። ፕሌይስቴሽን ቤት ነው የሚሄደው፤ ወይ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ከማይሆኑ ልጆች ጋር ይውላል። እኔ በሩን ዘግቼ የተማሪ ሥነ ሥርዓት ያስከበርኩ ይመስለኝ ነበር።

አሁንም የሚገርፍ መምህር አለ። ስሙን አልጠራም፤ እኔም በምን አፌ።

ወደ ታክሲው ልመለስ። ጉዞው አጭር ነው። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል። ረዳቱ በሩን ይዞ ግማሽ አካሉ ውጪ ነው፤ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ቲቸር፣ ከሁሉም በላይ እኔን ነው የመታኸው» አለኝ። አሁንም ይስቃል። ቂም የለውም፤ ወይም ያለው አይመስልም። ስሙን ነገረኝ። መልኩ ጠፍቶኝ ነበር፣ ስሙን ግን አወቅኩት፤ በእጄ ስንቴ ጽፌዋለሁ።

«ታረፍድ ነበራ» አልኩት።

«አዎ፣ በየቀኑ።»

እናቲቱ ይሰሙናል። ሹፌሩም በመስታወት ያየኛል። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ፤ «ለምን ነበር የምታረፍደው?» አልኩት።

ሳቁ ትንሽ ቆም አለ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው።»

«እማዬ ታማ ነበር» አለ። «ጠዋት ጠዋት ሳላጥባት አልወጣም...» ሌላም ሊጨምር ነበር። ታክሲው ፌርማታ ላይ ቆመ፤ እሱም ወደ ውጪ ዞሮ «ቃሊቲ! ቃሊቲ መናኸሪያ! ሁለት ሰው! ቃሊቲ!» እያለ መጣራት ጀመረ። ሰው ሞላ። እኔ ስወርድ ሒሳብ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ።